መንገዱ ቤታቸው ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ወር በጉዞ አምዳችሁ ስለ አዳማ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሶደሬን ፍል ውኃ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከፍታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በየበረንዳው የሚፈላውን ቡና በጥሩ አማርኛ ገልጿቸዋል። ተወልጄ ያደግሁባትን ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚወድልኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። መጨረሻው ላይ ግን ለአንባቢዎቹ አንድ ምክር ጨመረላቸው። እውነተኛዋን አዳማ ማየት የሚፈልግ ሰው መሸት ሲል ወደ አንድ መንደር ጎራ ብሎ በጠባቦቹ መንገዶች እንዲዘዋወር መከረ። ቦታው ትንሽ እንደሚያስፈራ፣ ነገር ግን ድህነትን በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚወጣ ጻፈ። የመንደሩንም ስም ከነአቅጣጫው አስቀመጠ።

እኔ በዚያ መንደር የምሠራ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። የመንደሩን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠቅስም፤ ምክንያቴን ቆየት ብዬ እናገራለሁ።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከገጠር ወደ ከተማ ሲመጣ፣ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው፣ ነርሶች በየቀበሌው ተመደቡ። ቤት ለቤት እንዞራለን። ነፍሰ ጡሮችን እንመዘግባለን፣ ክትባት ያለፈውን ሕፃን ፈልገን እናገኛለን፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ እንከታተላለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ በራቸውን ሲከፍቱልን ብቻ ነው። በሩ ደግሞ በመታወቂያና በጋዋን አይከፈትም። እንደተመደብኩ ሰሞን ደጅ ላይ አቁመው የሚያነጋግሩኝ እናቶች ነበሩ፤ «ስማችንን መዝግባችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ማን ያያችኋል?» ይሉኝ ነበር። በርጩማ አውጥተው ያስቀመጡኝ፣ ተመላልሼ መምጣቴን ካዩ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ያስገቡኝ ደግሞ ከዚያም ቆይቶ ነው።

መንደሩን ለማየት የሚመጡ እንግዶች ብዙ ጊዜ የሚይዙት እኔን ነው። ጋዋን ለብሼ፣ ቦርሳ አንግቼ ስሄድ መንገዱን የማውቅ መሆኔ ያስታውቃል። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዳማ ለአዲስ አበባ ሰው ደጅ ሆናለች፤ ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ ዓውደ ጥናቱ ሁሉ እዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ በሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ የዋለ ሰው ማታ እግሩን ማፍታታት ይፈልጋል። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጡ ወገኖቻችን አሉ፤ የዩቲዩብ ቻናል ያላቸው ወጣቶች አሉ፤ አልፎ አልፎ የውጭ ዜጋም ይመጣል። «ሲስተር፣ ሰው እንዴት እንደሚኖር ማየት ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ማንንም አናስቸግርም» ይሉኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከመካከላቸው እንባ የተናነቀውን አይቻለሁ፤ በኪሱ ያለውን ሁሉ አውጥቶ የሰጠ ሰውም አይቻለሁ። ስለ ልባቸው ክርክር የለኝም። የሚያሳዝነኝ የት ቦታ እንደቆሙ ሳያውቁ መቆማቸው ነው።

የመንደሩ ቤቶች አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱና በአነስተኛ ኪራይ ለነዋሪው የተላለፉ ቤቶች ማለት ነው። ዛሬም የወር ኪራዩ ለአንድ ስኒ ማኪያቶ የማይበቃ ቤት አለ። ኪራዩ እንዲህ ከሆነ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ተከራዩም በራሱ ግድግዳ ልግፋ፣ ክፍል ልጨምር ቢል ያለ ፈቃድ አይቻለውም። ስለዚህ ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ ክፍሉ በመጋረጃ እየተከፈለ ይኖራል። አባት በተሞሸረበት ቤት ልጅ ይሞሸራል፣ የልጅ ልጅ ይወለዳል፤ ቤቱ ግን ያው አንድ ክፍል ነው።

የአዳማን ሙቀት ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። በበጋ ከቀትር በኋላ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ትልቅ ሰው መቀመጥ አይችልም፣ ሕፃንማ ጨርሶ አይሞከርም። ከሰል የሚያያዝበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ገላ የሚታጠብበት ቦታም ውስጥ የለም። ኑሮው ወደ ደጅ ይወጣል። እንጀራ ደጅ ላይ ይጋገራል። ሽንኩርት ደጅ ላይ ይከተፋል። አራስ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ልጇን ታጠባለች። ተማሪው የጎረቤት አምፖል ብርሃን በሚደርስበት ድንጋይ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ያጠናል። ባልና ሚስት የሚጨቃጨቁትም እዚያው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ ሥርዓት የሚደረግ እንዳይመስላችሁ። በዚያ መንደር ውስጥ ለዓይን ሕግ አለ። ሴት ፀጉሯን ስትታጠብ የሚያልፍ ጎልማሳ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን መልሶ ያልፋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ይላል። የታመመ ሰው ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ሰክሮ የሚገባ ጎረቤት አለ፣ አራስ ያለችበት ደጅ ሲደርስ ዘፈኑን አቁሞ በዝግታ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ግድግዳ የሌላቸው ሰዎች ግድግዳውን በጨዋነት ሠርተውታል። እኔም በዚያ ስመላለስ ቀስ በቀስ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ መቼ ማየት፣ መቼ አለማየት እንደሚገባ።

ለጉብኝት የመጣ ሰው ይህን አያውቅም። ለእርሱ ያ መንገድ መንገድ ነው፣ የሕዝብ ነው፣ ማንም ያልፍበታል። ሕጉም ከእርሱ ጋር ይሆናል። ሆኖም የሚራመደው በሰዎቹ ማድ ቤት፣ በመታጠቢያቸውና በመኝታቸው መካከል ነው። እዚሁ አዳማ ውስጥ አጥርና ዘበኛ ባለው ግቢ የሚኖር ሰው፣ ማንነቱን የማያውቀው መንገደኛ ተነሥቶ «አኗኗራችሁን ልይ» ብሎ ሚስቱ ፀጉሯን የምትታጠብበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቢገተርበት ምን ይል ነበር? የእኛ መንደር ሰው አጥር ስለሌለው ገመናም የሌለው አድርጎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን አንድ ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁትንም ፎቶግራፍ ላንሣ። አንዲት ልጅ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ስትታጠብ ያሳያል፤ ፊቷ በከፊል ይታያል። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጋዜጣው በወጣ ሳምንት ምስሉ በክፍል ጓደኞቿ ስልክ ላይ ሲዞር ሰነበተ። እናቷ «ልጄን አሟታል፣ አልነሣም ብላለች» ብላ አስጠራችኝ። ሙቀቷን ለካሁ፤ ትኩሳት የላትም። ወደ ግድግዳው ዞራ እንደተኛች «ሲስተር፣ ሲያነሣኝ እኮ አላየሁትም» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ይህን የምጽፈው እናቲቱን አስፈቅጄ ነው። ፎቶግራፉ ዛሬም በድረ ገጻችሁ ላይ አለ፤ ይህን ደብዳቤ ባታትሙት እንኳ እርሱን ግን እንድታነሡልን እለምናችኋለሁ።

ስለ አደጋው ጸሐፊው የጻፈው ሐሰት የለበትም። ከመሸ በኋላ ብርሃን የማይደርስባቸው ማዕዘኖች አሉ። ስልክ ይነጠቃል። ከአረቄ ቤቶቹ ጠብ ይነሣል፤ በስለት የተወጋ ሰው በሌሊት ጤና ጣቢያ ደርሶብን ያውቃል። ከጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ከተማችን ውስጥ ያድራሉ፤ ሌሊት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ መጠጡንም፣ ጠቡንም፣ ሌላውንም ጣጣ ይዞ ይመጣል። ሆኖም ነዋሪው ይህን አደጋ እንደ ቅመም አይናገርለትም። ልጇን ከማታ ትምህርት ለመቀበል በትር ይዛ መንገድ ጫፍ ላይ የምትቆም እናት አለች። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2016 በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች፤ ከዚያ መንደር ተመርጠው ጎዳና የሚጠርጉ ሴቶች ሳይነጋ ሲወጡ ተጠራርተው በኅብረት ነው የሚሄዱት። አንዷ ከቀረች ሌሎቹ ደጇ ድረስ ሄደው ያንኳኳሉ።

እንግዳው ይዞት የሚመጣውን አደጋ ደግሞ የሚቀበለው ነዋሪው ነው። አንድ ምሽት ከስብሰባ የወጡ ሰዎች መንደሩን ሊያዩ ገብተው ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን ተነጠቀ። መነጠቅ አልነበረበትም፤ የነጠቀውም ሊጠየቅ ይገባል። ያን ሌሊት ግን መንገድ ላይ የተገኙ ወጣቶች በሙሉ ተለቅመው ታሰሩ። ከእነርሱ መካከል ጎሚስታ ቤት በረዳትነት የሚሠራ፣ እናቱን የሚጦር ልጅ ነበረ። ስልኩ እርሱ ጋ አልነበረም፤ ከቀናት በኋላ ተለቀቀ። ሥራው ግን አልጠበቀውም፤ አሠሪው ሌላ ረዳት ቀጥሮ አገኘው። እንግዶቹ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ስለ ልጁ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ወደ ሌላ አገርም ብንሄድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በሪዮ ዲ ጄኔሮ፣ ሮሲኛ በተባለው ሰፈር አንዲት ስፔናዊት ጎብኚ በፖሊስ ጥይት ስትሞት ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ሰፈር በፖሊስና በዕፅ ነጋዴዎች ተኩስ መካከል የሚኖሩትና የሚሞቱት ነዋሪዎች ግን ወሬያቸው ያን ያህል አይሄድም።

የመንደሩን ስም የማልጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስም ሲወጣ የሚጎዳው ነዋሪው ነው። ሆቴል ውስጥ በአልጋ አንጣፊነት ሊቀጠሩ የሚያመለክቱ ሴቶች አድራሻቸውን ሲሞሉ የጎረቤቱን ሰፈር ስም ይጽፋሉ፤ ትክክለኛውን የጻፈች ማመልከቻዋ እንደማይነበብ ያምናሉና። የባጃጅ ሾፌሮች ከመሸ አይገቡም፤ ቢገቡም ዋጋውን እጥፍ ያደርጉታል። ይህ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባጃጅ አጥታ በጎረቤቶቿ ትከሻ ተደግፋ እስከ ዋናው አስፋልት በእግሯ የሄደችበት ሌሊት አለ። እናቲቱም ልጇም ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በጋዜጣ ላይ «ያስፈራል» ተብሎ የሚጻፍ እያንዳንዱ ቃል ግን ለዚያ ሾፌር አንድ ተጨማሪ የእምቢታ ምክንያት ይሆነዋል። ቃሉን የጻፈው ሰው ሌሊቱን በሰላም ተኝቷል፤ ምጡ የያዛት ሴት ናት ዋጋውን የምትከፍለው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የለንደን ባለጸጎች የከተማዋን ምሥራቃዊ ክፍል፣ የድሆቹን ሰፈር፣ አንዳንዴ በፖሊስ ታጅበው ለማየት ይሄዱ ነበር። ልማዱ ወደ ኒውዮርክም ተሻገረ። ዛሬ በሪዮ፣ በሙምባይ፣ በናይሮቢ፣ በኬፕታውን ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ ጉብኝት ነው። ናይሮቢ፣ ኪቤራ በተባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ያደገው ኬኔዲ ኦዴዴ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ጽፎ ነበር። በ16 ዓመቱ፣ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ፣ ከጠባቧ ቤቱ ደጅ ዕቃ እያጠበ ሳለ አንዲት ነጭ ሴት ድንገት ፎቶግራፍ አነሣችው፤ በፍርግርግ ውስጥ የተዘጋበት ነብር የሆነ መሰለው። ይህን ሳነብ ልጁ የት እንደነበረ አስተዋልኩ። ደጁ ላይ ነበር፣ ዕቃ እያጠበ። የኪቤራም ማድ ቤት ደጅ ላይ ነው ማለት ነው። ኦዴዴ በኋላ በሰፈሩ ውስጥ የልጃገረዶች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቋመ ድርጅት መሥራች ሆኗል፤ ስለዚህ፣ እንግዳ ጨርሶ አይምጣ የሚል ሰው አይደለም።

በሙምባይ፣ ዳራቪ በተባለው የድሆች ሰፈር ደግሞ ካሜራ የሚከለክሉ አስጎብኚዎች አሉ። የሚያሳዩት ሰው እንዴት እንደተቸገረ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ የቆዳ ሥራውን፣ የሸክላ ሠሪዎቹን መንደር፣ ፕላስቲክ መልሰው የሚጠቀሙትን የሥራ ቤቶች። ከትርፋቸውም ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት ይሰጣሉ። ከሌሎቹ ይህ ይሻላል እላለሁ። እንዲያም ሆኖ ያ ቡድን በአንዲት ሴት ደጃፍ ሲያልፍ እርሷን ማን እንደጠየቃት ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ረቂቁን አንብባ ተቃወመችኝ። «ሰው ካላየ እንዴት ያዝናል? ሳያይ የረዳ ማን አለ?» አለችኝ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ሌሊቱን አስቤበታለሁ። በኦክስፎርድ የተማረ ክሌመንት አትሊ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1905 በምሥራቅ ለንደን ያለ የድሃ ልጆች ክበብ ለማየት ሄዶ ነበር። ማየት ብቻ ነበር የሄደበት። ከዚያ ክበቡን ማገልገል ጀመረ፤ ቆይቶም ክበቡን እየመራ ኑሮውን እዚያው አደረገ፤ ለዓመታት ከሰፈሩ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1945 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1948 በእርሱ መንግሥት ዘመን እንግሊዞች ማንም ሰው ሳይከፍል የሚታከምበትን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አቋቋሙ። ነርስ ነኝና ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። የእኛዋም ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በመንገዳቸው የወሎን ረሃብተኛ አዩ። ለራሳቸው የያዙትን አካፈሉ፤ ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያ ምክንያት ትዳራቸውንም አጥተዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ልጅ «እዳዬ» ብሎ እንደጠራቸው አገር ያውቃል።

እንግዲህ ባልደረባዬ ልክ ናት፤ ማየት ሰውን ሊለውጥ ይችላል። ሆኖም አትሊ በዚያ ኖረ፤ እዳዬ ደግሞ ያዩትን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ ቤታቸውንም ለዚያ ሰጡ። ግማሽ ሰዓት ተዘዋውሮ፣ ቪዲዮውን ጭኖ፣ እራቱን ሥጋ ቤት የሚበላ ሰው የእነርሱን ምሳሌ ለራሱ መከራከሪያ ሊያደርገው አይገባም። ቢያንስ ደግሞ ሁለቱም የሰውን ልጅ ሲታጠብ ፎቶግራፍ አንሥተው አልሄዱም።

ገንዘብ እንሰጣለን የሚሉም አሉ። ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ግን ፊት ለፊታቸው ለቆመ ሰው ነው። በመንደሩ ከሁሉ የባሰ የተቸገሩት ደግሞ ፊት ለፊት አይቆሙም። አልጋ ላይ የዋለች የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ፣ ዓይናቸው የጠፋ አባት፣ ልጇን ይዛ ደጅ መውጣት ያፈረች የአሥራ ሰባት ዓመት እናት፤ እነዚህን እንግዳ አያያቸውም። መቶ ብር የሚደርሰው ሮጦ ለቀደመ ልጅ ነው። ልጆቹም ይህን ቶሎ ተማሩት። ማታ ማታ የቤት ሥራቸውን ትተው መንደሩ መግቢያ ላይ እንግዳ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል የሁለቱ እናቶች «ልጅሽ የልጄን ወሰደ» ተባብለው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ለማስታረቅ ሞክሬ ገና አልተሳካልኝም።

እንዲህ ስል መንደሩ ይዘጋ፣ ሰው አይምጣ እያልኩ አይደለም። ተዘግቶ የሚረሳ ሰፈር ምን እንደሚሆን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። መምጣት የሚፈልግ በቀን ይምጣ። ዋናው መንገድ ዳር ድንች ቅቅል፣ ቆሎ፣ ቦምቦሊኖ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ጫማ የሚሰፉ አባት አሉ፤ ጀበናዋን ጥዳ ወንበር የደረደረች ልጅ አለች። እነርሱ ራሳቸው ለእንግዳ ብለው የዘረጉት ቦታ ነው። ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ዋጋውን ሳይከራከሩ መክፈል፣ ከተጠየቁ መልስ መስጠት፤ ከዚያ ካወሩ ማውራት። ብዙ ሰው ሊያውቅ የፈለገውን ነገር እዚያ ወንበር ላይ ሊሰማው ይችላል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጉዳይ ያለው ደግሞ እድሩን ይጠይቅ።

ይህ የሚሆን ነገር ነው፤ ሲሆንም አይተናል። አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነች ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ መሐል ይወርዳል፤ ዝቅ ያሉት መንደሮች ደግሞ ቀድመው ይጥለቀለቃሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ግንባታ የሚያጠኑ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የውኃውን አመጣጥ ለማጥናት ፈልገው ወደ እኔ መጡ። ወደ እድሩ ዳኛ ወሰድኳቸው። እርሳቸውም አላስገቧቸውም፣ አላባረሯቸውምም፤ «እሑድ የወር ስብሰባችን ነው፣ መጥታችሁ ለሕዝቡ ንገሩ» አሏቸው። መጡ። ቆመው የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ምን እንደሚለኩ፣ የትኛው ቤት ደጃፍ እንደሚደርሱ ተናገሩ። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ልጆቼ፣ ስትጨርሱ ወረቀቱን ለእኛ ታሳዩናላችሁ ወይስ ይዛችሁት ትጠፋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እናሳያለን አሉ። ሕዝቡም ፈቀደ፤ የሚለኩበት ቀን ተነገረ፤ ሴቶቹ በዚያን ቀን ማጠቢያቸውን ወደ ሌላ ሰዓት አዞሩ፤ የመንደሩ ልጆች ሜትሩን በአንድ ጫፍ ይዘው ዋሉ። ተማሪዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ሥዕሉን አመጡ። እድሩ ድንኳንና ድስት በሚያስቀምጥበት ቤት ግድግዳ ላይ ዛሬም ተሰቅሏል። ቀበሌውን ቦይ ይሠራልን ብለን ያመለከትነውም እርሱን አያይዘን ነው፤ ጥያቄያችን ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ያገኘውም ያኔ ነው።

እነዚያ ተማሪዎች ከማንም ጎብኚ የበለጠ መንደሩን አይተዋል። አንዷ ተመርቃ ሥራ ይዛም በበዓል ቀን አሮጊቷን ለመጠየቅ ትመጣለች።

የጉዞ አምዱ ጸሐፊም በዚሁ መንገድ እንዲመጣ የእድሩ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል። ካሜራውን ትቶ፣ በእሑድ ስብሰባ ላይ። የልጅቷ እናት ልታነጋግረው ትፈልጋለች፤ ጫማ የሚሰፉት አባትም የሚነግሩት ብዙ ነገር አላቸው፣ የአሮጌውን ባቡር ዘመን አዳማ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስልክ ቁጥሬን ለእናንተ ብቻ በተለየ ወረቀት ልኬያለሁ።

ቦዩ እስካሁን የተቆፈረው እስከ ግማሽ ነው። የተማሪዎቹ ሥዕል የሚያሳየው ውኃ ወደ ታችኛው መንገድ እንዲወርድ ቀሪው ክፍል ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። ጉልበቱን መንደሩ ያዋጣል። የጎደለን ሲሚንቶ፣ አሸዋና ድንጋይ መካብ የሚችል ግንበኛ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በዚህ የሚያግዘን ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያግኘን፤ እድሩ ደረሰኝ ይሰጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከአዳማ
(መንደሩ በእኔ ስም እንዳይታወቅ ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ)